ማተቤ ይጠብቃል

መጀመሪያ የጠበበኝ ማተቤ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ ሠርግ ጊታሬን እየቃኘሁ አንገቴን ጎንበስ ሳደርግ ክሩ ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ። ታጥቦ አጥሮ ይሆናል ብዬ በረዥም ክር ቀየርሁት። ከወራት በኋላ ያም ጠበበ። ሦስተኛውን ክር ስገዛ እንኳ የምጠረጥረው ክሩን ነበር።

እናቴ የራሷን እንቅርት በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና የኖረች ሴት ናት። «አንች ልጅ፣ ክሩ ምን አጠፋ? የእኔም እንዲህ ነበር የጀመረ» አለችኝ። ተቆጣኋት። ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ጊዜ ከባንዴ ጋር ከደምበጫ እስከ ቡሬ በየአዳራሹ እዘፍን ነበር፤ ፖፕ ሮክ፣ ግጥሙም ዜማውም የራሴ። ሽማግሌዎች «ጩኸት» ይሉታል፤ ግጥሙን ግን በቃላቸው ይዘውታል። በጣም የተወደደልኝ «ማተቤ ይጠብቃል» የሚለው ነው። «ብ»ን አጥብቄ ስዘፍነው ማተቤ ከክፉ ይጠብቀኛል ማለት ይሆናል። መዝጊያው ላይ አላልቼ እለዋለሁ፤ ያን ጊዜ ክሩ አንገቴ ላይ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ቅኔ እናውቃለን የሚሉት ሁሉ ወርቁን ለባል ሰጡት፣ ለዘመኑም ሰጡት። አንገቴን ያየ የለም፤ በሻርፕ ሸፍኜዋለሁ። የከተማው ሴቶች ሻርፑን ፋሽን አደረጉት። ሕመሜን ለአገር ዘፈንሁት እንጂ ለሐኪም አልነገርሁም።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሐኪሙ ጎይተር፣ ማለትም እንቅርት መሆኑን፣ የታይሮይድ እጢዬ ማበጡን ነገረኝ። ካንሰር አልነበረም። «በጊዜ ቢወጣ ይሻላል» አለ።

«ድምፄስ?»

«የድምፅ ነርቭ በእጢው ጀርባ ያልፋል። ሊነካ ይችላል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሻርፔን አስሬ ወጣሁ፤ ሁለት ዓመት አልተመለስሁም። ሰው ሲጠይቀኝ መንገድ ተዘግቶ ነው እላለሁ። እውነት ነው፣ ይዘጋ ነበር። ሲከፈትም አልሄድሁም።

ቡሬ ላይ ሆነ። በጀርባዬ መተኛት ካቃተኝ ሰንብቷል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ከጉሮሮዬ ፉጨት ወጣ። ሕዝቡ የዘፈኑ አካል መስሎት አጨበጨበ። ወደቅሁ።

ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሣሁ። የአየር ቧንቧዬ ተጨፍልቋል። «እጢው ወደ ደረትሽ ወርዷል» አለኝ ቀዶ ሐኪሙ። «ቀድመሽ ብትመጪ ነርቩን ለይቶ ማትረፉ ይቀለኝ ነበር። አሁን የምሠራው ለትንፋሽሽ ነው።» ነርሷ ማተቤን ልትፈታ ስትል ቋጠሮው እምቢ አላት። በመቀስ ቆረጠችው። እናቴ ቁራጩን ጨብጣ በር ላይ ቀረች።

ነቃሁ። «እማ» ልል ሞከርሁ። አየር ብቻ ወጣ።

በማግስቱ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ተኮማተሩ። ካልሲየሜ ወርዷል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ የእኔ እንቅርቱ ወጥቶም ጆሮ ደግፉ አልቀረም። በሳምንቱ የግራው የድምፅ አውታሬ እንደማይንቀሳቀስ ነገሩኝ። አለቀስሁ። ልቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው፤ በየጧቱ በባዶ ሆዴ የወጣውን እጢ ሥራ የሚተካውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ እየዋጥሁ፣ ባለሙያዋ ያስተማረችኝን የድምፅ ልምምድ እንደ ፊደል ተማሪ «ሀ፣ ሁ» እያልሁ፣ መጀመሪያ ከሹክሹክታ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር ለመድረስ ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። የተመለሰው ድምፅ የእኔ አይመስልም፤ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ከፍ ሲል ይሰበራል። ባንዱ ሌላ ሴት ዘፋኝ ይዟል፤ ግጥም የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። እሷ ስትዘፍነው ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽም።

ባለፈው ለክትትል ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተራ ስጠብቅ፣ የእኔን ዓይነት ሻርፕ ያሰረች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷን አምጥታ ነው። ለየችኝ። «እባክሽ ያንን ዘፈን ትንሽ በይልኝ» አለችኝ። በዝግታ አልሁላት። ድምፄ ትንፋሽ ስለሚያፈስ «ብ»ን ማጥበቅ ተስኖኛል፤ ገና ከመጀመሪያው ላልቶ ወጣ።

«እንዴ! ክሩ ጠበቀ ማለት ኑሯል እንዴ?»

«አዎ» አልኋት።

እሷም ሻርፗን ፈታች። እብጠቱ የእንቁላል ያህል ነው። እጇን ይዤ ጠባሳዬ ላይ አኖርሁት፤ ለራሷም ካርድ አወጣንላት።

እኔ ዛሬ የምተነፍሰው በቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው፤ ምስጋናዬ እስካለሁ ነው። እናቴንም አመሰግናለሁ፤ ቁስሌ ሲድን አዲሱን ማተብ ላላ አድርጋ ያሰረችልኝ እሷ ናት። ለእናንተ የምለው፦ አዮዲን ያለው ጨው ብሉ፤ ስለ ድምፃችሁ ከፈራችሁ ፍርሃታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፣ እንደ እኔ ይዛችሁት አትውጡ። ሻርፕ ያስለመድኋችሁ ይቅር በሉኝ። ማተባችሁ ከጠበበ ክር አትግዙ።