የስመኘው መርፌዎች

ስመኘው ፈረደ ጎንደር አጠገብ የተወለደ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ማረሻ ሲሠራ መለኪያ ይዞ አያውቅም፤ ዓይኑ ይበቃው ነበር። ልጁም ይህን ዓይን ወርሶ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ገባ። በኢንዱስትሪው ቀጠና ዘጠኝ ዓመት በቶርኖ ሥራ ከቆየ በኋላ፣ በአንድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ የመሣሪያ ሠራተኛ ሆነ።

በዚያ የምትመራመረው ሬዑት ትባላለች፤ ወላጆቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። ሥራዋ ብርሃን የሚሰጥ ጂን በአይጥ የጭን ጡንቻ ውስጥ ማስገባት ነበር። ጂኑ በፈሳሽ ተበጥብጦ ይወጋል፤ ከዚያም በጡንቻው ግራና ቀኝ የሚገቡ ሁለት መርፌዎች አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ይለቃሉ። ያን ጊዜ የሕዋሱ ሽፋን ለቅጽበት ይከፈትና ጂኑ ያልፋል። ምቱ ከደከመ ሽፋኑ አይከፈትም፤ ከበረታ ሕዋሱ ይሞታል። መርፌዎቹን የሚያበጀው ስመኘው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከፋሲካ በኋላ ጡንቻዎቹ ማብራታቸውን ትተው ይጠቁሩ ጀመር። ሬዑት የፈሳሹን መጠን ለወጠች፤ የምቱን ብዛት ቀነሰች፤ ጂኑን ከወጋች በኋላ እስከ ምቱ የምትጠብቀውን ደቂቃም አሳጠረች። ቮልቱን አልነካችም፤ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ላለው አምስት ሚሊሜትር ርቀት መቶ ቮልት ተፈትኖ የታወቀ ነውና። ርቀቱን ግን አልለካችም። የታላቅ ሰው ሥራ በፊቱ አይለካም ተብላ አድጋለች። አስተዳደጓ መልካም ነው፤ ሆኖም አክብሮት ከምርመራ ሲያግድ፣ አክባሪውንም ተከባሪውንም ይጎዳል።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ኤሬዝ በር ላይ ቆሞ፣ «ሁለት ዓመት በቂ ነው። እሑድ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር ሥራሽን እንዘጋዋለን» አላት።

ስመኘው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከበዓሉ በፊት የመርፌዎቹ መያዣ ከእጁ ወድቆ አንዱ መርፌ ጎብጦ ነበር። በዓይኑ አቃናው፤ ለማንም አልተናገረም። አሁን ቢናገር የባለሙያነት ስሙ ይጠፋል፤ ዝም ቢል የልጅቱ ድካም ይቀበራል። ኤሬዝ እስኪሄድ ጠበቀ።

«ሬዑት፣ እስቲ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን አምጪው።»

«ቤሴደር፣ እሺ ጋሼ። ምን ሊለኩበት ነው?»

«የምትለኪውስ አንቺ ነሽ። የእኔን መርፌዎች።»

«ኧረ ጋሼ ስመኘው! አባቴ ቢሰማ ቤት አያስገባኝም።»

«አባትሽን ለእኔ ተይው። ለኪ አልሁሽ!»

ለካች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ካነበበች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ተኩል» አለች።

«ጥዬው ነበር። በዓይኔ አቃናሁት። ዓይኔ አርጅቷል መሰለኝ፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም።»

መቶው ቮልት በጠበበው ርቀት ላይ እየበረታ ጡንቻውን ሲያቃጥል ከርሞ ኖሯል።

«ለኤሬዝ ምን ልበለው?» አለች።

«አንቺ ምንም አትዪ።»

ራሱ ሄዶ ነገረው። ኤሬዝ ለእሱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ ለእርሷ አንድ ወር ጨመረላት። መርፌዎቹ በካሊፐር ተለክተው ወደ አምስት ሚሊሜትር ተመለሱ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከስድስቱ አይጦች የአራቱ ጭን አበራ።

ከዚያ ወዲህ ስመኘው መርፌዎቹን ሲያስረክብ ካሊፐሩን አብሮ ያስቀምጣል። ሬዑት ዛሬም ስትለካ አንገቷን ትደፋለች። እሱም ቁጥሩን ጮክ ብላ እስክትናገር ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አይልም።