የጋሽ ከድር ኩላሊትና ሆድ

ራጅ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጓድ ታደሰ የራጅ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ደረቴ ላይ አሰሩልኝና፣ «ስማ፣ ፊልም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። በሽተኛውን ሳትጠይቅ ማሽን የነካህ ቀን እኔና አንተ አንተዋወቅም» አሉኝ። ደርግ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ለነገሩ እኔ ወሬ እወዳለሁ፤ መጠየቁ አልከበደኝም። የከበደኝ የእንጦጦ ብርድ የሚገባበት፣ ፊልም የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ነው።

ከዓመታት በኋላ ደንበኛ ከሆኑኝ በሽተኞች አንዱ ጋሽ ከድር ነበሩ፤ ሆስፒታላችን ባለበት ጉለሌ ጨርቅ ይሸጣሉ። ኩላሊታቸውን ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ሞልተውታል። የዘር በሽታ ነው፤ ታላቅ ወንድማቸውም በዚሁ ነው የሞቱት። ስለዚህ የትም ይመማቸው የት፣ «ይቺው ኩላሊት ናት» ነው መልሳቸው። ለጥርስ ሕመም እንኳ! አቤት ሲያስቁኝ።

አንድ ጊዜ ግን ሕመሙ ወደ ግራ፣ ከእምብርታቸው በታች ወረደ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐኪማችን ዶክተር ሙላቱ ትልቁን አንጀት በባሪየም እንዳነሳ አዘዙኝ። ባሪየም ኖራ የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ በመቀመጫ በኩል ይገባና አንጀቱን ፊልም ላይ ያወጣዋል።

«ዶክተር፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው አንጀቱ ምን አደረገ?» አልኳቸው።

«እንደሳቸው ያለ ኩላሊት ያላቸው ሰዎች፣ በተለይ ኩላሊቱ ሲደክም፣ አንጀታቸውም ትናንሽ ኪስ ያወጣል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። የማይስማሙም አሉ። ኪሱ ከቆሰለ ግን ሊበሳ ይችላል። አሁን ሕመሙ ጋብ ብሏል፤ እንየው።»

ጋሽ ከድር በየት በኩል እንደሚገባ ሲነገራቸው፣ «አስተግፊሩላህ! በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው ያግባቧቸው። ሆዳቸውን እንዲያጸዱበት የጉሎ ዘይት ተሰጣቸው።

በቀጠሮው ጠዋት ባለቤታቸውን ተደግፈው፣ ጎብጠው፣ ላብ አጥምቋቸው መጡ። ባሪየሙን በጥብጬ እየጠበቅሁ ነው።

«ይቺው ኩላሊት ናት። ቶሎ በለኝ፣ ልሂድበት።»

«ጋሽ ከድር፣ ትናንት ምን ጠጡ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ተናገር እንጂ አንተ ሰው!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ወደኔ ዞረው፣ «ኮሶ ነው የጠጣው! ሱቁን ዘግቶ፣ ሰው እንዳይገባበት በሩን ቀርቅሮ!»

«ሆድ ማጠብ ከሆነ ኮሶን የሚያህል አለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ከድር። «ዘይትማ ለሕፃን ነው።»

ሆዳቸውን ስነካው ጣውላ ሆኗል። የማርያም ያለህ! ዶክተርን ጠራሁ። እሳቸውም ነኩት።

«ባሪየሙን ድፋው። አንጀቱ ተበስቶ ከሆነ ይገድላቸዋል። አቁመህ ደረታቸውን አንሳ፤ ከአንጀት ያመለጠ አየር ካለ ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል።»

መቆም አቃታቸው። እትዬ ዘይነባ አለቅም ስላሉ ሽርጤን አልብሻቸው ባላቸውን ደግፈው ያዙ። ፊልሙን ሳይደርቅ መብራት ላይ ሰቀልኩት። ከሳንባው ሥር፣ መኖር በሌለበት ቦታ፣ ቀጭን ጥቁር የአየር መስመር ይታያል። አንጀቱ ተበስቷል። ወዲያው ኦፕሬሽን ክፍል ወሰዷቸው።

እትዬ ዘይነባ ሽርጡን እንደለበሱ ኮሪደር ላይ ቀሩ። «ወንድሙን ኩላሊት በላብን፤ እሱን ደግሞ አንጀት ሊበላብኝ?» እያሉ አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። ኪሶቹም ዶክተር እንደጠረጠሩት አንጀታቸው ላይ ተገኙ። ጋሽ ከድር ለወራት ሆዳቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየተጸዳዱ፣ እየተነጫነጩም ዳኑ።

ከርሞ ያው ኩላሊት ያለባትን ታናሽ እህታቸውን ይዘው መጡ። «ኩላሊቴን ነው» ብላ ስትጀምር ጋሽ ከድር አቋረጧት።

«ዝም በይ! መጀመሪያ የጠጣሽውን ንገሪው። ቀጥሎ ሆድሽን አሳዪው።»

ራጅ ክፍል አዲስ ለሚገቡት ወጣቶችም የምለው ከዚህ አይበልጥም። አንዱ በሽታው የታወቀ ሰው ሌላ አያመውም ማለት አይደለም።