የረመዳን ጨዋታ፣ ለአራተኛ ደረጃ

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በበረዶ ላይ ስኪ ለመንሸራተት የሚሄዱ ሰዎችን ከዴንቨር ወደ ተራራ ሳመላልስ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ፣ የምሠራበት ድርጅት በበረዶው ወራት የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሰጠኝ። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ኳሱ ቀለበቱ ውስጥ ከገባ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ሂተሩን ለኩሼ አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቼ ነው ያሳለፍኳቸው።

ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ አንዲት ተጫዋች ናት። ጸጉሯን በጥቁር የስፖርት ሂጃብ የሸፈነች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው የከተማዋ አሮጌ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ እናቷ ሌክውድ በምትባል ሌላ ከተማ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ። ሐበሻ መሆኔን ከፊቴ አውቃ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከጨዋታ በፊት መስኮቴን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ? እዚህ ነው የሚቀመጡት? ገብተው ጌሙን ይዩ እንጂ!»

«አይገባኝም እኮ ልጄ።»

«ኢዚ ነው። እኔን ብቻ ይዩ። ኳስ ሲሳት ምን እንደማደርግ ይዩ።»

ገብቼ አየሁ። አንድ ሰው ወርውሮ ሲስት ሁሉም አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ኳሱን ይከተላል። እሷ ግን መጀመሪያ ተጋጣሚዋን ትፈልጋለች። ጀርባዋን ትሰጣትና እግሮቿን ከፍታ መሬቱን ትይዛለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትዘለው። ከሷ የሚረዝሙ ብዙ ነበሩ። ኳሱ ግን ተመልሶ የሚመጣው እሷ ወደቆመችበት ነበር። ይህንን ሪባውንድ ይሉታል። በኮንፈረንሱ ውስጥ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚጫወቱት ኮሌጆች ምድብ ውስጥ፣ በዚህ የሚስተካከላት አልነበረም።

ሌላዋ ኮከባችን የቡድኑ አምበል ነበረች። ከምሥራቅ በኩል ካለ የስንዴ አገር የመጣች አጭር ልጅ ናት፤ አውቶቡስ ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ሜዳ ስትገባ ግን ኳሱ እጇ ላይ የተሰፋ ይመስላል። ነጥብ በማስቆጠር ከኮንፈረንሱ ሁለተኛ ነበረች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የደረጃ ሰንጠረዥ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ባለቤቴ ራት አቅርባ ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ ብትጠብቀኝ ብትጠብቀኝ አልነሳ አልኳት።

«የማንን ውጤት ነው የምታየው?» አለችኝ።

«የኛን ነዋ።»

«የኛ የምትለው እነማንን ነው?»

የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ መሆኑን ስነግራት እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

ሰንጠረዡን ለማየት ምክንያት ነበረኝ። ከአንድ እስከ አራት የወጡ ቡድኖች የውድድሩን የመጀመሪያ ዙር ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው ነው የሚጫወቱት። ከነሱ በታች ያለው ሻንጣውን ይዞ ይጓዛል። የኛ ቡድን ክፉኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወጣና ወደ መጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ከአራተኛው ቡድን ጋር እኩል ሆነ። የመጨረሻው ጨዋታችን ደግሞ ከዚያው ቡድን ጋር፣ ከተራራው ማዶ ባለ ከተማ፣ በነሱ ሜዳ ነበር። ያሸነፈ አራተኛ ይሆናል፤ የተሸነፈ አምስተኛ።

የኛ ሁዳዴና የነሷ ረመዳን በአንድ ሳምንት የገቡት ያኔ ነው። ልጅቷ በዚህ ትቀልድብኝ ነበር።

«የእናንተ ግን ቪጋን መሆን ብቻ ነው ጋሼ። ዳዝንት ካውንት፤ ጾም አይባልም።»

«እኛም እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አንቀምስም።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ … ቁርስ ይበላል።»

«ሲ! አላልኩም?» ብላ ሳቀች።

ጨዋታው ቅዳሜ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በጠዋት ልንነሳ ስንል እናቷ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ እየሮጡ ወደ አውቶቡሱ መጡ። በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴምር ሰጡኝ።

«ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ስትጫወት ራሷንም ትረሳለች። ሰዓቱ ሲደርስ እንድታፈጥር አደራዎን።»

«ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

መንገድ ላይ አሰልጣኟ ከፊት ወንበር ተነስታ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ጠና ያለች፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ናት። በመስታወቱ አያቸው ነበር፤ ወሬያቸውም ይሰማኛል።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ብታርፊ፣ ከዚያ በኋላ ብትገቢስ? ማንም ምንም አይልሽም» አለቻት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እሺ ኮች፣ ያቺን ልጅ ግን ማን ይይዛታል?»

ያቺ ልጅ የተጋጣሚያችን ረጅም ተጫዋች ናት። ነጥብ በማስቆጠር የኮንፈረንሱ አንደኛ ናት፤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች እሷ ትሆናለች ይባል ነበር። አሰልጣኟ ትከሻዋን መታ አድርጋ ተነሳች። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ጎንበስ ብላ፣ ቴምሩን እንደያዝኩ ማየቷን ነገረችኝ። ከቡድኑ ኋላ እንድቀመጥና ሰዓቱ ሲደርስ ምልክት እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ረጅሟ ልጅ እንደተባለላት ናት፤ በግራም በቀኝም ትወረውራለች፣ ስትሮጥም እግሯ የሚከብዳት አትመስልም። የኛዋ ግን እንደ ጥላ ተከተለቻት። ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ተገፋች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። ሌሎቹ በየእረፍቱ ውሃ ሲጠጡ እሷ ፊቷን በፎጣ ብቻ ትጠርጋለች። ጨዋታው አራት ክፍል አለው፤ በሦስተኛው ላይ ከንፈሯ ነጥቶ አየሁት። እኔ ጠዋት ሽሮዬን በልቼ ተደላድዬ መቀመጤ አሳፈረኝ።

አራተኛው ክፍል ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ውጤቱ አንዴ ለነሱ አንዴ ለኛ እያለ ሳለ ሰዓቱ ደረሰ። ለአሰልጣኟ ራሴን ነቀነቅኩላት። ይቺ ሴት ታይም አውት፣ ማለትም ጨዋታ የምታስቆምበትን ዕድል፣ ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነበር የምትቆጥበው። ያን ቀን የቀራት አንድ ብቻ ነበር። ምንም ሳታመነታ አስቆመች።

ሌላ ጊዜ ተንበርክካ በሰሌዳዋ ላይ ትስልላቸዋለች። አሁን ሰሌዳውን ወንበር ላይ ጣለችው። አምበሏ ትልቅ ፎጣ ዘርግታ ልጅቷን ከሕዝቡ ዓይን ከለለቻት። ቴምሩን አቀበልኳት። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ በላች፤ ውሃውን ቀስ ብላ ጠጣች።  የተቃራኒው ደጋፊዎች እየጮኹ ነበር፤ ጨዋታው ለምን እንደቆመ የገባቸው አይመስለኝም።

ጨዋታው በሁለት ነጥብ አመለጠን። መጨረሻ ላይ ኳሱ በኛ እጅ ነበር፤ ሁሉም ቢደነጋገሩም ጨዋታውን አስቁሞ ማስተካከል አይቻልም፤ ዕድሉ አልቋል። አምበሏ ተከብባ ወረወረች፣ የቀለበቱን ጠርዝ መትቶ ወጣ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቷ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ኮች ያንን ታይም አውት በኔ ነው ያጠፋችው» አለችኝ በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። አሰልጣኟ ቃሉ ባይገባትም ነገሩ ገባት። መጥታ መተላለፊያው ላይ ቆመች።

«ነገም ቢሆን አስቆመዋለሁ» አለቻት። «እንደዛሬው የተጫወተች ልጅ አሰልጥኜ አላውቅም።»

ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት በሩ ተንኳኳ። ረጅሟ ልጅ ናት፣ የተጋጣሚዎቹ ኮከብ። ማሊያዋን አውልቃ ወፍራም ጃኬት ደርባለች፤ በእጇ ክዳን ያለው ትልቅ ሳህን ይዛለች። ወላጆች ለቡድናቸው ካመጡት ምግብ ነው።

«የምትጾመዋ ልጅ አለች?» አለችኝ። «ጨዋታው ለምን እንደቆመ አምበላችሁ ነገረችኝ። አሳማ የለበትም፤ ስጋ ራሱ የለበትም። ያበሰለችውን ሴት ጠይቄያታለሁ።»

የኛዋ ዓይኗን ጠርጋ ወረደች። በረዶው ላይ ቆመው ተቃቀፉ። «እንዳንቺ ያስቸገረኝ ሰው የለም» ስትላት ሰማሁ። የምስር ሾርባ ነበር። እኔም ደረሰኝ።

የመጀመሪያው ዙር አራተኛውን ከአምስተኛው ስለሚያጋጥም፣ በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ከተማ፣ ከዚያው ቡድን ጋር ለመጫወት ተመልሰን መሄድ ነበረብን። ጨዋታው ግን ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ነበር። ከተማው ዳር አውቶቡሱን ፓርክ አደረግኩና ልጅቷ ሳትቸኩል አፈጠረች፤ ሩዝ በላች፣ ሰገደች፣ ትንሽም አረፈች።

ባዶ ሆዷን እንደዚያ የተጫወተች ልጅ ጠግባ ስትጫወት አየሁ። አምበሏ አንድም አልሳት አለች፤ የኛዋ ደግሞ ከቀለበቱ በታች ለማንም ቦታ አልሰጠችም። ረጅሟ ልጅ በሁለት በሦስት ሰው እየተያዘችም ታስቆጥር ነበር፤ አንዴ ራሴን ሳላውቅ ለእሷም አጨበጨብኩ። በመጨረሻ አሸነፍን። ተነስቼ ስጮህ ከአጠገቤ የተቀመጡ የነሱ ሽማግሌ ዞር ብለው «የማን አባት ነህ?» አሉኝ። «ሹፌራቸው ነኝ» አልኳቸው።

በቀጣዩ ዙር አንደኛ በወጣው ቡድን በሰፊ ልዩነት ተሸነፍን፤ ሊከራከሩበት የሚቻል አልነበረም። የኮንፈረንሱ ምርጦች ሲነገሩ ረጅሟ የዓመቱ ምርጥ ሆነች፤ አምበላችንና የኦሮራዋ ልጅም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ገቡ። አባቷ ሱቃቸው መስኮት ላይ ፎቶዋን ለጥፈዋል። ባለቤቴ በዚያ ስታልፍ አይታው ኖሮ ቤት ገብታ፣ «የኛዋን አየኋት» አለችኝ።