ለከድጃ ላሞች ዋስ የሆንኩ ጊዜ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው። የምትሠራው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ለለጋሾች ፕሮፖዛል ትጽፋለች። «እማዬ፣ እኔ ስጽፍ አድራለሁ፣ እሷ አንዴ ሳቅ ትልና ገንዘቡን ይዛ ትመጣለች!» አለችኝ። ስለ ባልደረባዋ ነው። እራት አቀረብኩላት። የድሮ ባልደረባዬ ከድጃ ትዝ ብላኝ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ወልቂጤ ላይ በአንዲት ትንሽ የእርዳታ ድርጅት ተቀጠርኩ። ድርጅቷ ቡታጅራ ላይ ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ነበራት። እኔ ዕቅድና በጀት እሠራለሁ፤ ከድጃ እርዳታ ታሰባስባለች። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ስለነበር የአካባቢውን ወግ የማውቀው በሩቁ ነው። ከድጃ ግን የቡታጅራ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያ መሃል ስታልፍ ከየሱቁ ይጠሯታል። እኔን የሚጠራኝ አልነበረም። በሥራዋ ብቻ አይደለም፣ በሳቋም በሻሽ አስተሳሰሯም እቀና ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ እሷ ዘንድ ይሄድ ነበር።

አንድ ክረምት የውጭው ለጋሻችን እርዳታውን አቆመ። የልጆቹ ቀለብ ከመስከረም አያልፍም፤ ከዚያ ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ሊበተኑ ነው። ለሌሎች ለጋሾች ማመልከቻ በታይፕ እየመታሁ ላክሁ። መልስ የለም። ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ወልዴ ሰበሰቡንና «እስቲ ሐሳብ አምጡ» አሉ።

«ውጆ እንግባ» አለች ከድጃ።

ውጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ቅቤ እያዋጡ በተራ ይወስዳሉ። «ቤቱ በየሰፈሩ ውጆ እንደ አንድ እመቤት አባል ይሁን። የመጀመሪያውን ተራ እንለምን። መስቀል ሲቃረብ ቅቤ ይወደዳል፣ ያኔ እንሸጣለን።»

ስሕተት ያገኘሁባት መሰለኝና ልቤ በደስታ ዘለለ። «ይሄ እኮ እርዳታ አይደለም፣ ዕዳ ነው! የሌሎቹ ተራ ሲደርስ ከየት እናመጣለን?»

«አንቺ የጎጃም ልጅ፣ ዕዳ መሆኑ አይደል ደግነቱ?» ብላ ሳቀች። «የመጸወተሽ ሰው ይረሳሻል። ያበደረሽ ግን ልጆቹ ታመሙ ወይ ብሎ በየሳምንቱ ደጅሽ ይመጣል። በሽያጩ የሚታለቡ ላሞች እንገዛለን፤ ልጆቹ ይጠጣሉ፣ የተረፈው ተንጦ ይመለሳል።»

ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛውን መቱ። «በቃ፣ የሷ ይሁን!» ወደ እኔም ዞረው «አንቺ በዕቅድ አውጪው» አሉኝ።

ቡታጅራ የሄድነው በጭነት መኪና ጋቢና ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ በየዳገቱ ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር የእንሰት ቅጠል እየቆረጠ ከጎማው ሥር ያነጥፋል። ከድጃ ስታስቀው ዋለች። የውጆዎቹ ሴቶች በልጆቹ ቤት ተሰብስበው ጠበቁን፤ ቆጮ በአይብ ቀረበልን። ከድጃ ስትናገር ሁሉም ፈዘው ሰሟት። ስትጨርስ ሰብሳቢዋ እትዬ ራህማ ጠየቁ፦

«ላም ትሞታለች። ከሞተች ማን ይከፍለናል? ዋስ ጥሩ።»

«እኔው አለሁ» አለች ከድጃ።

«አንቺማ አፍ ነሽ!» አሉና ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እትዬ ራህማ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺ ዝምተኛዋ ትሁን። ነይ የኔ ልጅ፣ ዋስ ትሆኛታለሽ?»

ከድጃ አየችኝ። «እምቢ» ብቻ ብል ሐሳቧ እዚያው ይቀር ነበር። በተከፈተው በር ልጆቹ በካፊያው ሲሯሯጡ ይታዩኛል።

«ዋስ እሆናታለሁ» አልኩ።

ቅቤው ለመስቀል ተሸጠ፣ ላሞቹም ተገዙ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። የምቀናባት ሴት ላሞች እንዳያሳላቸው ተሳልኩ፤ ሣር ቢያጥር እኔ እጾማለሁ፣ ጥጃ ሲወለድ እልል እላለሁ። ሰዉ ግን ቤቱን «የከድጃ ቤት»፣ ላሞቹንም «የከድጃ ላሞች» ይላል፤ በሰማሁ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር። ተመስገን፣ የሁሉንም ተራ መለስን። ቤቱ አልተዘጋም። ልጆቹም አደጉ።

ቅናት ከልብ ይወጣል ብዬ ልጄን መዋሸት አልፈለግሁም። ሳህኗን ሳነሳ «አንዴ ዋስ ሁኛት» ብቻ አልኳት። አጉረመረመች። አልፈርድባትም፤ እኔም ሁለት ክረምት ሙሉ እያጉረመረምኩ ነው ለሌላ ሰው ላም የጸለይኩት።