በአንድ ቀን ፀሐይ ስንት ራስ

ወንድምጋሼ ክፉ ሰው ነው። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፤ ኋላ እፈራና እተወዋለሁ። ያሳደገኝ እሱ ነው፣ እንጀራዬም በእሱ በኩል ነው፣ ግን ክፉ ነው። መናኸሪያው ደረጃ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ፀጉር አስተካክሏል። ደንበኛ የሚመጣው ለእጁ ብሎ እንጂ ለአፉ ብሎ አይደለም።

እኔ የወደቀውን ፀጉር እጠርጋለሁ፣ መስታወት እይዛለሁ። ሌላው ሥራዬ ልባስ መስፋት ነው። ወንበሩም፣ ራዲዮኑም፣ የመስታወቱ ጀርባም ላስቲክ ለብሷል። አዲስ ዕቃ ራቁቱን ሲውል አልወድም። እሱም አይወድም፤ በዚህ ብቻ እንስማማለን።

መብራት የምናገኘው ከጎናችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በተዘረጋ ገመድ ነበር። ባለቤቷና ወንድምጋሼ ዓይንና ናጫ ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ ሹፌር ራስ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቺ ሴትዮ የምታወጣው ወረቀት ሁሉ እንደ ፊቷ የጠቆረ ነው» አለ። ቀስ ብሎ ያወራ መስሎታል። ሰማችው። ገመዱን መንጭቃ ነቀለችው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው መላጫ፣ ቶንዶሱ፣ ቀጥ አለ። የሹፌሩ ራስ በግራ በኩል ተላጭቷል፣ በቀኝ በኩል ጫካ ነው።

«ኧረ እትዬ፣ ስለ እግዜር፣ ግማሼ ቀረ እኮ!» አላት።

«ግማሹን በምላሱ ይላጭልህ!»

ሹፌሩ ፎጣችንን እንደተከናነበ አውቶቡሱን አስነስቶ ሄደ። ፎጣውም በዚያው ቀረ።

ይሄ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን አልነበረም። መናኸሪያው ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተገኘ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ሴትዮዋ ደግሞ ሁለተኛ ማሽን ልታስገባበት ስትቋምጥ ኖራለች። ያኑ ዕለት ከተቆጣጣሪው ቢሮ ደርሳ ተመለሰች። ተቆጣጣሪው መጣና፣ «ሐሙስ አያለሁ። ሥራ ላይ ካልሆንክ ትለቃለህ» አለው። ወንድምጋሼ በመቀስ እንዳይሠራ ጣቶቹን ሪህ ይዟቸዋል፤ አይታጠፉለትም። የሚሞላ ቶንዶስ አለው፣ ግን ባትሪው አርጅቶ አንድ ራስ ጨርሶ ይተኛል። ቤት ወስደን እንዳንሞላው አከራያችን አምፖል እንጂ ሶኬት አይፈቅድም።

ስለዚህ ሶላር ልንገዛ ሄድን። ትልልቁ ዋጋው የማይቀመስ ነው። ለእኛ አቅም የሚሆነው አንድ ብቻ ነበር፤ አራት ቅጠል ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ብብት ሥር የሚገባ።

«ስልሳ ዋት ነው ጋሼ» አለ ነጋዴው። ፀጉሩን ያሳደገ፣ በየደቂቃው የሚደባብሰው ሰው ነው።

«ዋትህን ለሚስትህ ንገራት። በቀን ስንት ራስ ይላጫል?»

«ምን?»

«ራስ! የሰው ራስ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

ነጋዴው እንዲገላገለው ብሎ ይመስለኛል፣ «ስምንት» አለ።

«ካነሰ ያንተኑ ራስ ይዤ እሄዳለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን ተቀምጬ ልባስ ሰፋሁለት፤ ውስጡን የሚያሳይ ወፍራም ላስቲክ፣ አራቱንም ቅጠል ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ። ወንድምጋሼ አየው፣ ጎተት ጎተት አደረገው፣ ምንም አላለም። ምንም ካላለ ወዶታል ማለት ነው።

ማክሰኞ ከነልባሱ ፀሐይ ላይ ዘረጋነው፤ ሦስት ራስ ብቻ ላጨ። አራተኛው ሰው ጠብቆ ጠብቆ ተሳድቦ ሄደ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ በሯ ላይ ቆማ ስትቆጥር ዋለች፤ «ሦስት!» እያለች፣ እንድንሰማ።

ረቡዕ ጠዋት ሶላሩን አሸክሞኝ ወደ ነጋዴው ገሰገሰ። መንገድ ላይ ዝቅ ብዬ ሳየው ከላስቲኩ ሥር ላብ አቁሯል፤ ጠብታ በጠብታ፣ ነጭ ጉም መስሎ። ልነግረው ስል የነጋዴው ሱቅ ታየ።

«ሌባ!» አለው ገና ከሩቅ። «ስምንት ብለህ ሦስት ሸጥክልኝ!»

«ደመና ነበር ጋሼ።»

«ሰማዩ ላይ ደግሞ ልታሳብብ ነው?»

ሰው ከበበን። ወንድምጋሼ ሶላሩን ከእጄ ነጥቆ ድንጋይ ላይ ሊከሰክሰው ከራሱ በላይ አነሳው። ያን ጊዜ ነው ድምፄ የወጣው።

«ልባሱ ነው! ፀሐይ አላስገባ ያለው የእኔ ልባስ ነው!»

«ዝም በይ አንቺ!»

ከወንድምጋሼ የሥራ ቦርሳ ምላጭ አወጣሁ፣ ሶላሩን ከእጁ ተቀበልኩና ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ካፖርት አልብሳችሁት ነው እኔን የምትሰድቡት?»

የከበበን ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድምጋሼ ግን እንደ ቆመ ነው። «ነገ ትመጣለህ» አለው ጥርሱን ነክሶ። «ስምንት ብለሃል። ስምንተኛው አንተ ነህ።»

«እመጣለሁ! ምን ገዶኝ!»

ሐሙስ ሶላሩ ራቁቱን ደረጃው ላይ ተዘረጋ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ አየር የምትቀበል መስላ እየመጣች ፊቱ ትቆማለች። ጥላዋ ሰፊ ነው። እሷ ጥላዋን ይዛ ስትመጣ እኔ ሶላሩን ይዤ ፈቀቅ እላለሁ፤ ፈቀቅ ስል ትከተላለች። እስከ ከሰዓት እንዲህ ስንዞር ዋልን። ስድስት ራስ ሞላ። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ወረፋውን አየ፣ ራሱም ተቀምጦ ሰባተኛ ሆነ። ሲነሳ አንገቱን እያራገፈ፣ «ቦታው ሥራ ላይ ነው» አላት ሴትዮዋን። በሯን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነጋዴው ፀጉሩን እየደባበሰ ደረሰ። ወንድምጋሼ ቶንዶሱን በቀረችው ፀሐይ የቻለውን ያህል ሞልቶ ጠብቆታል። ከግራ ጀመረ፤ የዚያን ቀን ያህል ተጠንቅቆ ሲላጭ አይቼው አላውቅም። መሃል አናት ላይ ሲደርስ ቶንዶሱ እርርር ብሎ ቀጥ አለ።

ወንድምጋሼ ጨርቁን አራገፈ። «ሰባት ተኩል» አለ። «ግማሽ ራስ ዋሽተኸኛል።»

«ጋሼ፣ በመቀስም ቢሆን ጨርስልኝ!»

«ጣቴን ያመኛል።»

«እና እንዲህ ሆኜ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል?»

ወንድምጋሼ የሶላሩን አራት ቅጠል አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተ። «ነገ ፀሐይ ስትወጣ ና» አለው። ቀጥሎ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «እስከዚያው እሷ ካፖርት ትሰፋልሃለች።»

የተቀደደውን ላስቲክ አውጥቼ ለነጋዴው አቀበልኩት።