በመሐላ ታስሬ የቀመስኩት ዱላ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጓደኛህን መረዝክ ተብዬ ልገደል ስለነበር ከልቤ አልወጣ ብሏል።

አምበር ከተማ ወፍጮ ቤት አለኝ። ይሁኔ የሚባል ገበሬ የልብ ወዳጄ ነበር። ሆዱን ሲያመው ከረመና ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ካንሰሩ ከአንጀቱ ተነስቶ ጉበቱን እንደወረረው ነገረኝ። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ስጠይቀው፣ «እንደ ሰዉ ነው፤ የእሱ ግን ቸኩሏል» አለኝ።

ይሁኔ ፊቴን አይቶ ገባው። «ለቤተሰቤ ትንፍሽ እንዳትል። ወንድሜ ከሰማ ላሳክመው ብሎ በሬዎቹን ይሸጣል፤ ልጆቼ በምን ያርሳሉ?» ብሎ በሚካኤል አስማለኝ።

በዚያው ሰሞን የማኅበር ተራዬ ደረሰ። ይሁኔ እቤቴ አንድ ብርጭቆ ጠላ ጠጣ፤ ወዲያው ደጅ ወጥቶ አስመለሰው። ከዚያ ወዲህ አልጋ ያዘ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ያ ጎረምሳ የሚያስንቅ ክንዱ ሟሸሸ። እንዲህ የሚሮጥ በሽታ አይቶ የማያውቀው የአካባቢው ሰው ሁሉ መርዝ ነው አለ። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እኔ በእንግዳው ብዛት ተዋክቤ ሳልቀምስ ነበር የሰጠሁት።

አንድ ጠዋት ታናሽ ወንድሙ አንለይ ዱላ ይዞ ወፍጮ ቤቴ ገባ።

«ወንድሜን ምን አጠጣኸው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ነካው? ሐኪም ቤት የወሰድኸው አንተ አይደለህ?»

ዝም አልኩ። ምዬ እንዴት ልናገር? እሱ ግን ያመንኩ መሰለው።

በመጀመሪያው ዱላ ክንዴ ቀጭ አለ። በሁለተኛው ግንባሬ ተተርትሮ ደሜ ዱቄቱ ላይ ፈሰሰ። ስወድቅ ደረቴን ረገጠኝ፣ ጎድኔን ረገጠኝ። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ኡኡ እያሉ ሸሹ። «ተናገር» ይለኛል፣ መልሶ ይረግጠኛል። እንደሚገድለኝ አውቄዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ይሁኔን በልቤ ረገምኩት።

ቤታቸው ከወፍጮው ጀርባ ስለሆነ ይሁኔ ጩኸቱን ሰምቶ ኖሮ ሚስቱ ደግፋው መጣ። ከእጇ አምልጦ እላዬ ላይ ወደቀ።

«እኔን ምታ» አለው። «ካንሰር ነው፤ ጉበቴ ውስጥ ገብቷል። እንዳይነግራችሁ ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

አንለይ ዱላውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በኋላ እግሬ ላይ ወድቆ በሽማግሌ ታርቀናል፤ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ዛሬም የሚያናድደኝ ይሁኔ ነው። ሲሻለኝ ቁጭ አድርጌ ልወቅሰው ነበር። ክንዴ ከታሰረበት ሳይፈታ ቀበርነው።