የፈረንጁ አውራ በግ

በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ገና ያልተዳርሁ ልጃገረድ ሳለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው መንደራችን በግ ማርባት አታውቅም ነበር። ይህን ያወቅነው አንድ ሽበታም ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሲነግረን ነው። አያቶቻችን ሲያረቡ የኖሩት ምን እንደነበር እንጃ።

«ሰውየው በአገሩ ዕድሜ ልኩን በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ ነው፤ የመጣው በበጎ ፈቃዱ ነው፣ ደመወዝ አይቀበልም» አለን ከግብርና መሥሪያ ቤት አብሮት የመጣው አስተርጓሚ። ደመወዝ የሌለው ፈረንጅ አይተን ስለማናውቅ መንደሩ በሙሉ አዘነለት። እናቴማ እንቁላል ቀቅላ ሰጠችው። የሚበላው ቢያጣ ነው እንጂ በዚህ ዕድሜ ማን ከቤቱ ይወጣል ብላ ነው።

ሁለተኛ ሲመጣ በላንድሮቨር አንድ አውራ በግ ጭኖ መጣ። ጥጃ ያህላል፤ ጠጉሩ ዓይኑን ሸፍኖታል። የዚህ በግ ግልገሎች ሲያድጉ ነጋዴው ከአዲስ አበባ ድረስ ደጃችን መጥቶ ይለምነናል፤ ደብረ ብርሃን ገበያ ወርደን ደላላ ፊት መቅለስለሳችንም ይቀራል አለ። ቤታችን ለመኪናው መንገድ ቅርብ ስለሆነ በጉን ለአባቴ በአደራ ሰጠው።

አባቴ ብዙ ነገር የሚመኝ ሰው አልነበረም፤ ያን በግ ግን ተመኘ። «ዛሬውኑ ከበጎቼ ጋር ልልቀቀው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሆንም» አለ ፈረንጁ በአስተርጓሚው አፍ። «ለብቻው እቤት ይታሰር። ገብስና ባቄላ ይብላ። ሴት በጎች አጠገቡ እንዳይደርሱ። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ።»

ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ ሊቅ ምክንያት አይሰጥም። እኛም አልጠየቅንም፤ እንግዳን ለምን ብሎ መያዝ ነውር ነዋ። እሺ ይበልጣል ከሺ ብለን ሁላችንም «እሺ» አልን።

እንግዲህ በእኛ አገር አውራ በግ ከመንጋው ጋር ሜዳ ይውላል። ከሴት ተለይቶ፣ እቤት ታስሮ፣ እህል እየበላ ፋሲካን የሚጠብቅ በግ ለምን እንደሚቀለብ የማያውቅ ሕፃን የለም። መንደሩ በአንድ ቀን ተግባባ፤ ፈረንጁ የፋሲካ ድልቡን በእኛ ገብስ ሊያደልብ ነው፤ የግልገሉም ወሬ ቀለቡን እንዳንሰስት ማባበያ ነው። «ብልህ ናቸው» አሉ ጎረቤቶቻችን። «በነጻ የመጡት ለካ ለዚህ ኖሯል።»

ሁዳዴን እኛ ሽሮ ስንልስ ጌትዬው ገብሱን ሲቆረጥም ከረመ። እናቴ አንድ ቀን ከፋትና «አንድ ቀን ብትለቀው ምናለበት? ማን ያያል?» አለችው አባቴን። እውነት ለመናገር እኔም በእሷ በኩል ነበርሁ።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ገመዱን ይብስ አጠበቀው። ግን ብቻውን የሆነ ሲመስለው የበጉን ጀርባ እየዳበሰ፣ «ምን ይደረግ ወንድሜ፤ ዘር ሳትተውልኝ ልትሄድ ነው» ሲለው ሰምቼዋለሁ። አንጀቴን በላው።

በፋሲካ ማግስት ፈረንጁ እየመጣ ነው የሚል መልእክት ደረሰን። አባቴ ቢላዋውን ሳለ። እኛ ሴቶቹ ወጡን ስንሠራ አረፈድን፤ ቆዳውም ለእንግዳው አጎዛ እንዲሆን ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ፈረንጁ ከአስተርጓሚው ጋር ገባና ገበታ ቀረበ። መብላት ብቻ መሰላችሁ? ጣቱን ላሰ። እንዲህ ያለ ሥጋ በአገሬም በልቼ አላውቅም አለ። አባቴ ደስ ብሎት «ታዲያ መርጠው ያመጡት እሳቸው አይደሉ?» አለ፤ አስተርጓሚው ግን ጉርሻው ላይ ስለነበር ይህን አልተረጎመም።

ጥቂት ቆይቶ ፈረንጁ እጁን ጠራረገና በጉ የት እንዳለ ጠየቀ።

አባቴ ቆዳውን አምጥቶ እግሩ ሥር ዘረጋለት። «አደራዎን ይኸው። አንድም ቀን ከበጎቼ ጋር አላገናኘሁትም» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ፈረንጁ ጠጉሩን አየ፤ ወጡን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በዝግታ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም መሬት መሬት እያየ ተረጎመ። «ለይተህ እሰረው ያልሁህ ግልገሎቹ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲለመልም እንዲወለዱ ብዬ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ከበጎችህ ጋር ልለቀው ነው። በጉም ያንተው ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ በበሩ በኩል ሜዳው ላይ የተሰማሩትን በጎቹን ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ወደ ገበታው ዞረና ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ጠቅልሎም እጁ ላይ ይዞት ቀረ።

«ይብሉ በላቸው» አለው አስተርጓሚውን። «ይቀዘቅዝባቸዋል።»